ሳይቆለፍ የቀረው መዝገብ

መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ቢሾፍቱ ላይ የእሬቻ በዓል በሐዘን ከተበተነ ሁለት ቀኑ። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዓይኑን ከቪዲዮና ከዜና አልነቀለም፤ በዚያ ሰሞን ሊንክ የላከ ሰው የሚከፍትለት አያጣም። በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዋና ዳይሬክተር ለነበሩት ለአቶ ጃዋር መሐመድም አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። እሳቸው ግን መልእክቱን እንዳለ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የምርምር ተቋም ወደ ሲቲዝን ላብ አስተላለፉት።

ሲቲዝን ላብ ለኢትዮጵያ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ለኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከ ፋይል መርምሮ ነበር። ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ፣ ተራ ፒዲኤፍ ይመስላል። ሲፈተሽ ግን ኢኤክስኢ፣ ማለትም ሲነካ የሚነሳ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ሃኪንግ ቲም ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ ምርት ጋር አያያዙት። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ መንግሥት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር እንደማይጠቀም ለዋሽንግተን ፖስት ተናገሩ። (ዊንዶውስ ካልነገሩት በስተቀር የፋይልን ቅጥያ ይደብቃል። ወልድያ ላይ ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣ ፋይል ሰነድ ይሁን ፕሮግራም ሥዕሉን ብቻ አይቶ መለየት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ ገብቶ ቅጥያው እንዲታይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።)

የ2009ኙ ወጥመድ ሌላ ነበር። በኢሜይል ከተላኩት ሊንኮች አንዱ ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ የተሠራ ገጽ ይከፍታል። ገጹ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ መሆኑን፣ አዶቤ ፍላሽ ፕሌየሩም (ኪስ ውስጥ የምንይዘው ፍላሽ አይደለም) ያረጀ መሆኑን ያጣራል። ከሆነ አፕዴት እንዲደረግ ይጠይቃል። ተንኮሉ የሚወርደው አፕዴት እውነተኛ መሆኑ ላይ ነው፤ የስለላ ሶፍትዌሩ አብሮት ተጠቅልሎ ይገባል። አፕዴቱ እንደተባለው ተጭኗልና ባለቤቱ ምኑን ይጠርጥር?

የሲቲዝን ላብ ተመራማሪው ቢል ማርዛክና ባልደረቦቹ ሶፍትዌሩ ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደሚነጋገር ተከታትለው ደረሱበት። እንዲህ ያለ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ለባዕድ ምንም አይናገርም። ይሄኛው ግን ማንም ገብቶ ሊያነበው የሚችል መዝገብ አስቀምጦ ተገኘ! የተጠቁት ኮምፒውተሮች ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደተገናኙ መስመር በመስመር ተጽፏል። ተመራማሪዎቹ ምንም መስበር አላስፈለጋቸውም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡ። የተጠቁት ኮምፒውተሮች አድራሻ ወደ 20 አገሮች ይመራል፤ የኤርትራ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አሉበት። ሶፍትዌሩን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ደግሞ ከኢትዮጵያ ሲገናኙ ታዩ። በመጋቢት 2009 ወጥመዱ ለማርዛክ ለራሱ ተላከለት። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ናሙና ከየት ይገኛል?

ሠሪው ማን ነው የሚለው ቀረ። ተመሳሳይ አሻራ ያላቸውን ሰርቨሮች በኢንተርኔት ላይ ሲያስሱ ሌሎች መዝገቦች ተገኙ፤ እነሱም ክፍት ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የተመዘገቡት ላፕቶፖች አንድ ቦታ አይረጉም፦ ታይላንድ፣ ኡዝቤኪስታን፣ ዛምቢያ፣ ፊሊፒንስ፣ ከዚያ ፕራግና ፓሪስ ላይ የተካሄዱ የደኅንነት ዕቃ ኤግዚቢሽኖች። ነጋዴ ናሙናውን ተሸክሞ ገበያ ለገበያ ሲዞር ማለት ነው። ዱካው በወቅቱ የኤልቢት ሲስተምስ ንብረት ወደነበረው የእስራኤል ኩባንያ ወደ ሳይበርቢት፣ ፒሲ ሰርቬይላንስ ሲስተም ወደተባለው ምርቱም አደረሰ። ሪፖርቱ ኅዳር 27 ቀን 2010 ወጣ። ኩባንያው እኔ ለመንግሥታት እሸጣለሁ እንጂ አላንቀሳቅስም አለ። ሻጩ እንዲህ ካለ በኋላ ገዢውን ማን ይጠይቀው?

ፍላሽ ፕሌየር ራሱ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋርጧል። ስለዚህ ዛሬ መርሳም ሆነ ሌላ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ላይ ፍላሽ ፕሌየርን አድስ የሚል መስኮት ቢመጣ የሚታደስ ነገር የለም፤ ገጹን መዝጋት ነው። ከእንዲህ ያለ መስኮት አፕዴት ጭኖ የነበረ ሰው ኢንተርኔቱን ያቋርጥ፤ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዲፌንደር የኦፍላይን ስካን ያስጀምር፤ የይለፍ ቃሎቹን ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይር።