ኢንሹራንሱ አለ፤ ውሉስ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነዳጅ ማደያ ወይም ምግብ ቤት በሽርክና የያዙ ወገኖቻችን፣ አንዳቸው ቢሞት ድርጅቱ ምን እንደሚሆን ሲጠየቁ “የሕይወት ኢንሹራንስ ገብተናል” ይላሉ። መልካም ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም።

ተረት፦ ኢንሹራንስ ከተገባ የሟች ድርሻ ጉዳይ አልቋል።

እውነታው፦ ኢንሹራንስ ገንዘብ ያመጣል እንጂ ማንንም ግዛ ወይም ሽጥ ብሎ አያስገድድም። ግዴታውን የሚጥለው ሸሪኮቹ በሕይወት ሳሉ የሚፈርሙት የድርሻ ሽያጭ ውል ነው። ውል ከሌለ ድርሻው ለወራሾች ያልፋል። ሐዘን ላይ ያለች የሟች ባለቤት ስለማታውቀው ንግድ ዋጋ እንድትከራከር ማድረግ በእኔ እምነት ግፍ ነው።

ተረት፦ ፖሊሲውን ድርጅቱ ያዘው፣ ሸሪኮቹ ያዙት፣ ለውጥ የለውም።

እውነታው፦ በሴንት ሉዊስ ከተማ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ አስበው ነበር። ድርጅቱ በእያንዳንዳቸው ሕይወት 3.5 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ገባ። በ2013 ትልቁን ድርሻ፣ 77.18 በመቶውን፣ የያዘው ወንድም ሲሞት ድርጅቱ ከተከፈለው ገንዘብ 3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ድርሻውን ገዛ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ግን ያ 3 ሚሊዮንም የድርጅቱ ሀብት ነው አለ። 3.86 ሚሊዮን የተባለው ድርጅት 6.86 ሚሊዮን ሆነ፤ የሟች ውርስ 889,914 ዶላር ተጨማሪ ግብር ተጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2024፣ “ኮኔሊ” በተባለው መዝገብ፣ በአንድ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ።

ወንድማማቾቹ በየዓመቱ ዋጋውን ተስማምተው ሊፈርሙ ውል ነበራቸው፤ አንድም ዓመት አልፈረሙም። በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

የፌዴራል የውርስ ግብር በ2026 የሚጀምረው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ ብዙዎቻችንን አይነካም። የሜሪላንድ ግን ከ5 ሚሊዮን በላይ ይጀምራል፤ ቤት፣ ማደያና ኢንሹራንስ ሲደመሩ ደግሞ ያ ገደብ ሩቅ አይደለም። አንዱ መውጫ ሸሪኮቹ ራሳቸው አንዱ በሌላው ሕይወት ላይ ፖሊሲ መግዛታቸው ነው፤ ገንዘቡ ድርጅቱ ውስጥ አይገባም። ችግሩ ብዛቱ ነው፦ ለሁለት ሰው 2 ፖሊሲ ይበቃል፣ ለሦስት 6፣ ለአራት 12 ያስፈልጋል።

ተረት፦ አረቦኑ እንደ ኪራይ ከግብር ይቀነሳል።

እውነታው፦ አይቀነስም። በምትኩ የሚከፈለው ካሳ በአብዛኛው ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ሆኖም ድርጅቱ እዚያው በሚሠራ ባለድርሻ ሕይወት ላይ ፖሊሲ ሲገዛ፣ ሰውየው በጽሑፍ ተነግሮት በፊርማው መስማማት አለበት፤ ያውም ፖሊሲው ከመውጣቱ በፊት። ከኦገስት 2006 ወዲህ በተገዙ ፖሊሲዎች ይህ ፊርማ ከጎደለ፣ ከተከፈለው አረቦን በላይ ያለው ገንዘብ ግብር ሊጣልበት ይችላል። ፖሊሲ ያላችሁ ያን ወረቀት ዛሬውኑ ከፋይላችሁ ፈልጉ።