ልዩ እትምና የአቻ ግምገማ ተአማኒነት

ልዩ እትም በአንድ ርዕስ ላይ የሚያተኩርና ዝግጅቱ ለእንግዳ አርታዒ የሚሰጥ የመጽሔት እትም ነው። ለምሳሌ ከካራቆሬ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የይፋት ቆላ የሚከሠተው ወባ ተገቢ ርዕስ ሊሆነው ይችላል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ለብልሹነት የተጋለጠ ነው። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን የሻረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በልዩ እትሞች የወጡ ነበሩ።

ስለዚህ የእትሙ ሐሳብ ሲቀርብ የርዕሱ አስፈላጊነት፣ የእንግዳው አርታዒ ብቃትና የጥቅም ግንኙነት በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል። የገምጋሚዎች ማንነት በመጽሔቱ ጽሕፈት ቤት ይጣራ፤ እንግዳው አርታዒ የጻፈውን ሌላ አርታዒ ይመልከተው፤ የመጨረሻው ውሳኔም የዋና አዘጋጁ ይሁን። በሚገባ ያልተመረመረ ጽሑፍ ጉዳቱ የሚያርፈው በጤና ጣቢያው ሕመምተኛ ላይ ነውና።