ፕሮቲንን በጥንዱ መያዝ

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከ4,000 በላይ ጂኖች አሉት፤ አብዛኞቹም የየራሳቸውን ፕሮቲን ያሠራሉ። ተመራማሪው ከእነዚህ አንዱን ፈልጎ ሕዋሱን ሲሰብረው ሁሉም ተደባልቀው ይወጣሉ። በመጠናቸው ወይም በኤሌክትሪክ ቻርጃቸው መለየት ይቻላል፤ ግን በነዚህ ጠባዮች የሚመሳሰሉት ብዙ ናቸው። ማጣራቱ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የሚፈለገውም አብሮ ይባክናል።

አፊኒቲ ክሮማቶግራፊ ፕሮቲኑን የሚለየው በሥራው ነው። ኢንዛይም የሚሠራበትን ንጥረ ነገር፣ ፀረ እንግዳ አካልም የተሠራበትን ባዕድ ነገር ከሌላው ለይቶ ይይዛል። ይህ ጥንዱ ከጠጣር ነገር ጋር ከተያያዘ ፕሮቲኑ ራሱ መጥቶ ይያዛል፤ እንክርዳዱን አንድ በአንድ መልቀሙ ቀርቶ ስንዴውን ባንዴ እንደ ማንሣት ነው።

ኮለም የሚባለው ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ከባሕር አረም በሚገኘው አጋሮዝ በተሠሩ ደቃቅ እንክብሎች ነው። ጥንዱ የተያያዘው ከእነሱ ጋር ነው። ድብልቁ ሲፈስበት የሚፈለገው ይቀራል፣ ሌላው ያልፋል። ከዚያ ኮለሙ ይታጠባል፤ በመጨረሻም የተያዘው እንዲለቅ ይደረጋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ኤሚል ሽታርከንሽታይን አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ውሃ በማያሟሟው ስታርች እንደሚያዝ አሳይቶ ነበር። በ1967 ኡፕሳላ፣ ስዊድን ውስጥ የየርከር ፖራት ቡድን ሞለኪውሎችን ከእንክብል ጋር በሲያኖጅን ብሮማይድ የማያያዝ መላ አገኘ። በዓመቱ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ፔድሮ ኳትሬካሳስ፣ ሜየር ዊልቼክና ክርስቲያን አንፊንሰን ኑክሊዬዝን ከስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ አነጠሩ። ይህ ኢንዛይም ዲኤንኤ ስለሚቆራርጥ እውነተኛ ጥንዱን ቢያቀርቡለት ይቆርጠው ነበር፤ ስለዚህ የሚመስለውን፣ ግን የማይቆረጠውን አጋቹን አያያዙ። ከሌላ ኢንዛይም ጋር ሲሞክሩ ደግሞ ጥንዱ እንክብሉ ላይ ከተለጠፈ ኢንዛይሙ በሚገባ እንደማይደርስበት አዩ፤ መሐሉ ላይ ረዘም ያለ ማያያዣ ሲያስገቡ ያዘ።

ለየፕሮቲኑ ጥንድ መፈለግ ግን አድካሚ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንዱ የመድኃኒት ኩባንያ የሮሽ ተመራማሪዎች ነገሩን ገለበጡት፤ ለፕሮቲኑ ጥንድ ከመፈለግ ይልቅ ፕሮቲኑን ራሱን መያዣ አበጁለት። ጂኑ ተስተካክሎ ፕሮቲኑ ጫፉ ላይ ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ስድስት ያህል ጊዜ ተደጋግሞ ይዞ ይወጣል፤ ኮለሙ ላይ ያለው ኒኬል ሂስቲዲኖቹን ይይዛል። የሚያስለቅቀው ኢሚዳዞል ነው። ሂስቲዲን ኒኬሉን የሚይዝበት ክፍል ራሱ ኢሚዳዞል ስለሆነ፣ በብዛት ሲጨመር ቦታውን ይቀማዋል። በጥቂቱ ሲሆን ደግሞ በልልነት የተጣበቁትን ብቻ ያጥባል።

በመድኃኒት ፋብሪካ ለነቀርሳ ሕክምና የሚውሉት እንደ ትራስቱዙማብ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት የሚለዩት በፕሮቲን ኤ ነው። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ የተገኘው ከስታፊሎኮከስ ኦረስ ነው፤ የፀረ እንግዳ አካሉን ግንድ ይይዛል፣ አሲድ ሲበዛበት ይለቃል። ፀረ እንግዳ አካሉን ከሠሩት ሕዋሳት ጋር የመጡት ባዕድ ፕሮቲኖች፣ ከኮለሙ የተላቀቀው ፕሮቲን ኤ ራሱም፣ በሌሎች ኮለሞች ይወገዳሉ፤ ወደ ሰው ደም የሚገባ ነገር በአንድ ማጣሪያ አይታመንምና።

ጥንድ ሲመረጥ ታዲያ የመያዝ ብርታቱ ብቻ አይበቃም። ባዮቲን የተባለው ቫይታሚንና ስትሬፕታቪዲን የተባለው ፕሮቲን በተፈጥሮ ከሚታወቁት ኮቫለንት ያልሆኑ ትስስሮች እጅግ ጥብቅ ከሆኑት አንዱን ይፈጥራሉ፤ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ሙቀትና ኬሚካል ግን ፕሮቲኑን ራሱን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከባዮቲን ላላ ብሎ የሚይዘውን ዴስታዮባዮቲን ይጠቀማሉ፤ ባዮቲን ሲጨመርበት ቦታውን ለቆ ፕሮቲኑን በደህና ይመልሳልና።