ምጥ ኬላ አያውቅም፦ በመተማ ቆላ ስለ እናቶችና ሕፃናት የሚባለውና እውነታው

«ነፍሰ ጡሯን የሚያሰጋት ተኩሱ ነው፤ ተኩስ ከራቀ ምን ትሆናለች?» ይባላል። በግጭት ጊዜ ብዙዎችን እናቶች የሚገድላቸው ግን ጥይት አይደለም። ገዳዮቹ በሰላሙም ጊዜ የነበሩት ናቸው፦ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ ኢንፌክሽንና የተራዘመ ምጥ። ግጭት የሚወስደው መዳኛውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ በእርግዝናና በወሊድ ሳቢያ ወደ 260 ሺህ እናቶች ሞተዋል፤ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ግጭት ባለባቸው ወይም መንግሥታዊ አቅማቸው በተናጋ አገሮች ነው።

መተማ የምትገኝበት ምዕራብ ጎንደር ደግሞ ሁለት ጦርነት ተገናኝቶበታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኞች በድንበር ከተማዋ በገላባት ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ገቡ፤ የኩመርና የአውላላ መጠለያዎችም ተከፈቱ። አራት ወር ሳይሞላ በአማራ ክልል በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተቀጣጥሎ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2016 ዓ.ም. የአውላላ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት በዛብን ብለው መጠለያውን ጥለው ወጡ። ሸሽታ የመጣችውም ሆነች የተቀበለቻት እናት ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ጥገኛ ናቸው።

ያ መንገድ ከጎንደር በአይከል አድርጎ፣ ገንዳ ውሃን አልፎ ድንበሩ ላይ የሚደርስ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም በብርቱ የሚፈሳት እናት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ገደማ ልትሞት ትችላለች። አምቡላንሱ በሌሊት ለመውጣት እገታ ፈርቶ እስኪነጋ ከጠበቀ፣ ወይም ኬላ ላይ ፈቃድ ሲለምን ከቆየ፣ ሁለቱ ሰዓት አልቋል።

«መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ እስካለ ድረስ ችግር የለም» የሚለውን በተለይ የበረሃው ሰው ሊመረምረው ይገባል። ደም ለማቆም በብዛት የሚሰጠው መርፌ ኦክሲቶሲን ነው፤ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የመተማ ሙቀት መብራት ከጠፋና ለጄኔሬተሩ የሚሆን ነዳጅ መንገድ ላይ ከቀረ፣ መርፌው በብልቃጡ ውስጥ እያለ ኃይሉን ያጣል። አዋላጇ ትወጋለች፣ ደሙ ግን አይቆምም። ሙቀት የሚችሉ አማራጮች አሉ፦ ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒንና የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደም መፍሰስን ለመከላከል የሚመክረው ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን። ለቆላ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚመድብ ሁሉ ይህን ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ አድርጎ ሊያየው ይገባል።

«መንገዱ ካስፈራ ቤት መውለድ ይሻላል» የሚሉ እናቶች ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቤት መቅረት አይደለም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያሉት የእናቶች ማቆያዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ምጥ ሳይመጣ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ በቀን ብርሃንና መንገዱ ጸጥ ባለ ጊዜ መሄድ ይቻላል።

ሌላው በሁለቱም ወገን የሚሰማው ክፉ እምነት ነው፦ «የጠላትን ቁስለኛ የጫነ አምቡላንስ የጠላት ነው።» አይደለም። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአገር ውስጥ ጦርነትም የሕክምና ተቋማትና ማጓጓዣዎች እንዲከበሩ ያዛል፤ ሐኪም ማንንም በማከሙ መቀጣቱንም ይከለክላል። ግዴታው መንግሥትንም ታጣቂውንም ይይዛል። ዛሬ የተነጠቀው አምቡላንስ ነገ የነጣቂውን እህት አያደርሳትም።

ሕፃኑን በተመለከተ በጣም የተስፋፋው «እናት ከደነገጠች ጡቷ ይደርቃል፣ ወተቷም ይበላሻል» የሚለው ነው። ድንጋጤ ወተቱ እንዳይወርድ ለጊዜው ሊያዘገየው ይችላል እንጂ አያደርቀውም፣ አያበላሸውምም። ወተትን የሚያመርተው ሕፃኑ መጥባቱ ነው፤ ልጁን ከገላዋ አስጠግታ ደጋግማ ካጠባችው ይመለሳል። የሚያደርቀው ማጥባት ማቆም ነው። በመጠለያ ውስጥ በቆሸሸ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ተቅማጥ አምጥቶ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። እንገሩም ሊጣል አይገባም፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነውና። የተራበች እናት ካለች እሷን መመገብ ነው።

«የወባ መድኃኒት ፅንስ ያስወርዳል» የሚባለውም ተገልብጦ የተነገረ ነው፤ ፅንስ የምታስወርደው ሳይታከም የቀረች ወባ ናት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ከተናገረች የሚስማማት መድኃኒት ይሰጣታል። ካላዛርም እንዲሁ፦ የተለመደው መርፌ ለፅንሱ ስለማይሆን ለነፍሰ ጡር ሌላ አለ። «በሽታውን ስደተኞች አመጡት» ማለትም ፍትሕ የለውም። መተማና ሁመራ ስደተኞቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት የካላዛር አገር ነበሩ።

በመጨረሻ «ክትባቱም ሌላውም ሰላም ሲመጣ ይደረስበታል» ይባላል። ኩፍኝ ድርድር አይጠብቅም። ኤልሳልቫዶር በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች በዓመት ለጥቂት ቀናት ተኩስ እያቆሙ ሕፃናትን አስከትበዋል፤ ጦርነቱ ያለቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ በምዕራብ ጎንደርም ሊሆን ይችላል። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ የሁለቱን ወገን አዛዦች ቢያንስ ይህን ጠይቁልን። በየኬላው የቆማችሁም፣ የያዛችሁት መሣሪያ የማንም ይሁን፣ ምጥ የያዛትን እናት የጫነ መኪና ሲመጣ ቀንም ሆነ ሌሊት አሳልፉ።