የእናቴ ቀሚስና ሁለት ሚሊ ሜትር

እናታችን ወደ ጌታ ስትሄድ በእጄ የቀረው አንድ የአበባ ቀሚሷ ነበር። ታናሽ እህቴ ቡሬ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መሆኑን ስሰማ፣ ቀሚሱን ከሌሎች ቁርጥራጭ ጨርቆች ጋር ገጣጥሜ ለሕፃኑ ብርድ ልብስ ልሠራ ወሰንኩ። ከቀሚሱ የወጣው 20 ቁራጭ ብቻ ነው። ቢበላሽ ምትክ የለውም።

ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን፣ በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዬ ሥራውን ጀመርኩ። 64 ቁራጮችን ጎናቸው 11.2 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ። በየስፌቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲገባ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቀራል። ስምንት ስምንቱን በረድፍ ሰፍቼ ሳስተያይ ግን አንዱ ረድፍ ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሯል! እየሳብኩ አገናኘኋቸው፤ መሐሉ እንደ ጉብታ ተነፋ።

ጎረቤታችን እድሜያቸውን ሙሉ ጋቢ ሲገጥሙ የኖሩ እናት ናቸው። ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ እዚህ አይደለም የተበላሸው፤ መጀመሪያው ላይ ነው» አሉኝ። እርሳቸው የሸማኔውን ሥራ ሲገጥሙ አስቀድመው ጥለቱን ከጥለቱ ያገናኛሉ፤ ቀጥለው መሐሉን በክር ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይሰፋሉ። ጨርቁን አይጎትቱም።

እስቲ አብረን እናስላው። ስምንት ቁራጭ የሚያያዘው በሰባት ስፌት ነው። 6 ሚሊ ሜትር መግባት ሲገባው 8 ከገባ፣ ከግራው ጨርቅ 2፣ ከቀኙም 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። በአንድ ስፌት 4፣ በሰባቱ 28 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትሬ ወዴት እንደሄደ አያችሁ? ስሕተቱ ትንሽ ነበር፤ ግን በየስፌቱ ተደመረ።

እህቶቼ፣ እንደ እኔ እንዳትደክሙ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሳትቆርጡ በፊት አዲሱን ጨርቅ እጠቡት። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሸበሸባል፤ ጌታችን ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተናገረውን (ማቴ. 9፥16) ታስታውሳላችሁ።

ወረቀት ላይ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ መስመር አስምሩ። መርፌውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ መስመሩ ላይ አውርዱ። በወረቀቱ ጠርዝ ልክ፣ የመኪናውን ጥርስ ሳትሸፍኑ፣ ፕላስተር ደራርባችሁ ለጥፉ። ከእንግዲህ የጨርቁ ጠርዝ ፕላስተሩን እየታከከ ይሄዳል። ዓይናችሁም ከመርፌው ይልቅ ፕላስተሩ ላይ ይሁን።

ሦስት የመሞከሪያ ቁራጮችን ሰፍታችሁ ተኩሱና የመካከለኛውን ለኩ። ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ፕላስተሩን አንቀሳቅሱ። ጨርቁ ሲታጠፍ ጥቂት ስለሚበላ፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ክር ውፍረት ያህል ማጥበብ ያስፈልጋል።

ስትተኩሱ ካውያውን እያነሣችሁ አሳርፉት፤ አትግፉት፤ ጨርቁ ይለጠጣል። የአንዱን ረድፍ የስፌት ትርፍ ወደ ግራ፣ የቀጣዩን ወደ ቀኝ አስተኙ። ረድፎቹን ስታገናኙ ስፌቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። መገናኛዎቹን በእስፒል ያዙ፤ መርፌው ሲቃረብ እስፒሉን ንቀሉ።

እኔ ሁሉንም ፈታሁት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ስፈታም ከእናቴ ቀሚስ ሁለቱ ቁራጮች ተተረተሩብኝ፤ አለቀስኩ። በአሥራ ስምንቱ እንደገና ጀመርኩ።

ብርድ ልብሱ ቡሬ የደረሰው ሕፃኗ ከተወለደች በዘጠነኛው ቀን ነው። እህቴ ዘርግታ በመዳፏ ዳሰሰችው። ስለ ስፌቱ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የምታየው የእናታችንን አበቦች ብቻ ነበር። በትክክል የተሰፋ ስፌት እንዲህ ነው፤ ራሱን ሳያሳይ ሌላውን ያሳያል።