ለሥዕል የሚሆን ፎቶግራፍ እንዴት እናንሣ?

እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረቀው የናጋድ ባቡር ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ስንሸኝ፣ ለማስታወሻ ፎቶግራፍ መነሣት የተለመደ ነው። ብዙዎችም በኋላ ፎቶግራፉን ለሰዓሊ ሰጥተው በትልቁ ማሳል ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ በቀትር ፀሐይ፣ በጥድፊያ የተነሣ ፊት ዓይኑ በጥላ ይሸፈናል። ሰዓሊው ያላየውን ዓይን በግምት ስለሚሥል ሥዕሉ ሌላ ሰው ይመስላል። እንደገና እንዳናነሣ ደግሞ ተጓዡ ድንበር ተሻግሯል።

ችግሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ያነሣባቸውን ፎቶግራፎች ከሐረር ለቤተሰቡ ልኮ ነበር። ፎቶግራፎቹ የታጠቡበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ነጥተዋል፤ መልኩን አጥርቶ ለማየት ዛሬም ያስቸግራል። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስተውል።

1ኛ/ ብርሃን፦ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ቀትር ከሆነ ተነሺው ከጥላው ጠርዝ ቆሞ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ያዙር። ኮፍያና ጥቁር መነጽር ይውለቅ፤ ፍላሽ አይብራ።

2ኛ/ ርቀት፦ ስልኩ በጣም ሲጠጋ አፍንጫን ያተልቃል። ሁለት ሜትር ያህል ርቀን፣ ካሜራውን በተነሺው ዓይን ትክክል ይዘን ከራስ እስከ ደረት እናንሣ። ፊት ለፊትም ትንሽ ዞር አድርገንም ደጋግመን እናንሣ። ፈገግታ አናስገድድ፤ የምንፈልገው ቤት ውስጥ የምናውቀውን መልክ ነው።

3ኛ/ እንስሳት፦ ድመት ወይም ፍየል ከላይ ወደ ታች ሲነሣ ራሱ ገዝፎ እግሩ ያጥራል። በርከክ ብለን በዓይኑ ትክክል እናንሣ። ሌላ ሰው ከካሜራው አጠገብ ምግብ ቢያሳየው ወደ እኛ ይመለከታል።

4ኛ/ አሮጌ ፎቶግራፍ፦ ያለን አንድ የወረቀት ፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ለማንም አንስጥ። ከመስተዋቱ አውጥተን፣ በጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠን፣ ከላይ ቀጥ አድርገን በስልክ እናንሣው።

5ኛ/ አላላክ፦ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ሰነድ እንላከው።

ጥንቃቄ፦ በጣቢያው ከማንሣታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ፖሊሶችን፣ ወታደሮችንና ሌሎች ተጓዦችን አናንሣ። የስደተኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ማስተላለፍም በእሱና በአገር ቤት ባሉት ዘመዶቹ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የጉዞው ቀን ሳይደርስ፣ ጠዋት በደጃችን ተረጋግቶ ማንሣት ነው። በጣቢያው ጊዜያችንን ለስንብት እናውለው።