«አጥንቴን መለስክልኝ?»

ወገብ ተጭኜ «ቋ» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሐበሻ ታካሚዎቼ ከአልጋው ሳይነሱ የሚጠይቁኝ «ተመለሰልኝ?» ብለው ነው። የወጣ አጥንት አልነበረምና የመለስኩት ነገር የለም። ይህን ስናገር ፊታቸው ላይ ቅሬታ አያለሁ፤ የከፈሉበትን ነገር የነጠቅኳቸው ይመስላቸዋል።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አገር ቤት ወጌሻ ጋ የሄደ ሰው የወለቀ ትከሻ ተስቦ ግጥም ሲል በዓይኑ አይቷል። ያ እውነተኛ ውልቃት ነው፤ ክንዱ ይንጠለጠላል፣ የትከሻው ቅርፅ ይለወጣል። የአከርካሪ አጥንት እንደዚያ ከቦታው የለቀቀበት ሰው ግን ቨርጂኒያ ክሊኒኬ ድረስ መኪና ነድቶ መጥቶ፣ ቆሞ ፎርም ሞልቶ ወረፋ አይጠብቅም። እሱ የአምቡላንስና የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ደግሞስ «አጥንት ከቦታው ይወጣል» የሚለውን ወሬ የዘራነው እኛው ካይሮፕራክተሮች ነን። ሙያችን ካይሮፕራክቲክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት፣ በዳቬንፖርት ከተማ ነው። መሥራቹ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ከዚያ በፊት «ማግኔታዊ ፈዋሽ» ነኝ እያለ ይሠራ ነበር። ሃርቪ ሊላርድ የሚባል፣ መስማት የተሳነው የጽዳት ሠራተኛ ጀርባው ላይ ጎበጥ ያለ አጥንት አየሁና ተጭኜ ብመልሰው ጆሮው ተከፈተለት አለ። የመስማት ነርቭ ከውስጠኛው ጆሮ ተነስቶ በቀጥታ ወደ አንጎል ግንድ ይገባል እንጂ በጀርባ በኩል አያልፍም። ፓልመር ግን በዚህ አላበቃም፤ ከመቶ 95 እጅ የሚሆነው በሽታ ከቦታው ከለቀቀ የአከርካሪ አጥንት ይመጣል እስከ ማለት ደረሰ። ዛሬም ድረስ «አስሙን፣ የልጁን የጆሮ ሕመም፣ ደም ግፊቱን በዚያው አስተካክልልኝ» የሚሉኝ ሰዎች የሚጠቅሱት፣ ሳያውቁት፣ እሱን ነው። በ2010 የብሪታንያ የሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ይህ የፓልመር እምነት ታሪካዊ ጽንሰ ሐሳብ እንደሆነና የበሽታ መንስኤ ስለመሆኑ የምርምር ማስረጃ እንደሌለው ገልጿል። እዚህ አሜሪካ ግን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው የሜዲኬር ደንብ ከፓልመር ዘመን የመጣችውን፣ ከቦታው ለለቀቀ አጥንት የተሰጠችውን ያችኑ ስም ይዞ ቀርቷል። ክፍያው የሚለቀቀው እሷ ስትጻፍ ነው፤ እኔም እጽፋለሁ።

ታዲያ ድምፁ ምንድን ነው? የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ነው። መገጣጠሚያው በድንገት ሲለጠጥ በውስጡ ያለው ግፊት ይወርድና ክፍተት ይፈጠራል። በ2015 የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት እየሳቡ በኤምአርአይ ሲቀርፁ ክፍተቱ የሚፈጠረው ልክ «ቋ» በሚልበት ቅጽበት እንደሆነ አይተዋል። ድምፁ መሰማቱም አለመሰማቱም የሕክምናውን ውጤት አይወስንም። ስልክ ላይ አንገት ሲጮህ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ግን የኔን ሥራ አክብደውብኛል፤ ድምፅ ካልሰማ «ዛሬ አልያዘም» ብሎ እንደገና እንድጫነው የሚለምነኝ ብዙ ነው።

ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኤምአርአዩ ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ኤርፖርትና ከተማ መሃል ሲመላለሱ የሚውሉ ነጂዎች ናቸው። አንዱ የምርመራ ውጤቱን ጨብጦ ይገባና «ዲስኬ ተንሸራቷል፣ ከእንግዲህ ዕቃ እንዳላነሳ» ይለኛል። ዕድሜው 50 ይሆናል። ልጁን ማቀፍ ትቷል፣ ሻንጣ የያዘ ተሳፋሪ ሲያይ ይሸማቀቃል። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች አከርካሪ የመረመሩ ጥናቶች በ2015 ተሰባስበው ሲታዩ፣ የዲስክ ማርጀት ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ላይ፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ልክ እንደ ሽበት ማለት ነው። እርግጥ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ እግርን የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ፤ እሱንም ቢሆን የሚለየው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። እግሩን አንስቼ፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን መትቼ፣ በተረከዙና በጣቶቹ አስሂጄ ነው የማውቀው። ያን ሰውዬ ጀርባውን ከመንካቴ በፊት ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ዕቃ እንዲያነሳ አደረግኩት። አነሳ። ከዚያ በኋላ የተጫንኩት መጫን ምን ያህል እንደረዳው እጠራጠራለሁ።

የእጅ ሕክምናው ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከኪኒን በፊት ከሚሞከሩት መካከል ሙቀትን፣ ማሸትን፣ አኩፓንክቸርንና የኛን ሥራ ጠቅሷል። ከብዙ አንዱ ነን ማለት ነው። ጡንቻው ይላላል፣ ሕመሙ ለጊዜው ይቀንሳል፣ ሰውየው ለመንቀሳቀስ ይደፍራል። ድንገት የያዘ የወገብ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ የምመሰገነው ጊዜ ለሠራው ሥራ ነው።

«አንዴ ከጀመሩ ዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን ወሬ ስሰማ ግን ሙሉ በሙሉ ማስተባበል አልችልም። በመጀመሪያው ቀን ኤክስሬይ አንስቶ፣ መስመር አስምሮ፣ የዓመት ቀጠሮ በቅድሚያ የሚያስከፍል ባልደረባ አለ። ከእንዲህ ያለው ቤት ውል ሳይፈርሙ ይውጡ። በጥቂት ሳምንት ለውጥ ካላየሁ እኔም ማቆም ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ አለብኝ።

እናቶች «ዶክተርዬ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም የሕክምና ዶክተር አይደለሁም። የራሱ ትምህርት ቤትና ፈቃድ ያለው ሌላ ሙያ ነው፤ መድኃኒት አላዝም። ይህን በግልጽ የምናገረው ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ መጫን የሌለብኝ ሰው ስለሚመጣ ነው። ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ጀርባው አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያመው ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ጀርባ እጄ አይነካውም፤ ወደ ሆስፒታል እልከዋለሁ። አንዳንዱ «ሳትነካኝ?» ብሎ ይቀየመኛል፣ ይቀየመኝ።

አንገት ላይ ደግሞ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች በአንገት አጥንቶቹ በኩል ያልፋሉ። ሥሩ ከውስጥ ሲሰነጠቅ በመጀመሪያ የሚሰማው እንዲያው የአንገት ሕመምና ራስ ምታት ስለሆነ፣ ሰውየው ስትሮክ እየጀመረው እኔ ጋ ሊመጣ ይችላል። ከመጫን በኋላ ስትሮክ መከሰቱ ብርቅ ቢሆንም አለ። ስለዚህ ከዚህ በፊት ተሰምቶት የማያውቅ የአንገት ሕመም በድንገት የያዘው፣ የሚያዞረው፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ሰው፤ ወገቡን አሞት ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም ኮርቻ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የደነዘዘው ሰው፣ የኔን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ 911 ይደውል።